ነዒማ አስካለ የሚባል ገጽ

ነዒማ ዩሱፍ መዛኝ ሆና መመረጧን የነገራት የሱቋ ግድግዳ ነው። ከዚራ ሰፈር ባለው ሱቋ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ መጋረጃ እየለካች ነበር። «ዕጣ ወጥቶልሻል» አላት ግድግዳው። ዕልባት የሚባለው የገጾች ማስቀመጫ አዳዲስ አገልግሎቶቹን በአገር ደረጃ ከመክፈቱ በፊት ተጠቃሚዎች እንዲመዝኑለት ይፈልጋል፤ ከድሬዳዋ ከተመረጡት አንዷ እሷ ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው አዳራሽ ትገኛለች፤ መቅረት አይቻልም። ደንበኛዋ የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች «ደስ አይልም?» አለቻት። ነዒማ ደስ ይበላት አይበላት አላወቀችም።

በዚያ ዘመን ሰው የሚፈልገውን ነገር ራሱ ፈልጎ ማግኘት ከተወ ቆይቷል። አንዱ የወደደውን፣ የገዛበትን፣ የታከመበትን ገጽ ዕልባት ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ያንን እያየ ይከተላል። ሱቅ ገጽ አለው፣ ሐኪም ገጽ አለው፣ መንገድ ገጽ አለው፣ ሰውም ገጽ አለው። ብዙ ሰው ያስቀመጠው መንገድ መብራቱ ይበራል፤ ማንም ያላስቀመጠው ይጨልማል። ጠዋት የተገናኙ ሰዎች ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ «ምን አስቀመጥሽ?» ይባባላሉ። ምንም አላስቀመጥኩም ማለት ታምሜ ነው የከረምኩት ከማለት አይለይም። ነዒማም እንደ ሰዉ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቁጭ ብላ የዕለቱን ታስቀምጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን እሷ ከመድረሷ በፊት ግድግዳው የምትወደውን ገምቶ አስቀምጦላት ታገኘዋለች። ማስቀደሚያ ይሉታል። እሷም እሺ ብላ ታልፋለች።

ነዒማ ቁመተ ረጅም፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ባሏ አብዱልመጂድ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ይዛ አንድ ልጇን ሂክመትን አሳድጋለች። ሂክመት ጅማ ትማራለች። ፉአድ ለሚባል የቤተሰብ ወዳጅ ልጅ ታጭታለች፤ ሰርጉም ፈተናዋን እንደጨረሰች ሊሆን ተቆርጧል። ነዒማ ፉአድን ትወደው ነበር። ሰላምታው፣ አነጋገሩ፣ ሱቅ ሲመጣ ጨርቅ ተሸክሞ ማገዙ ሁሉ ደስ ይላታል።

አዳራሹ ውስጥ የተቀበላት አቶ ቶሎሳ የሚባል የምዘናው ኃላፊ ነው። ከነቀምት መጥቶ ድሬዳዋ ብዙም አልቆየም።

«ይቀመጡ እናቴ» አላት። «ሥራው ቀላል ነው። አገልግሎቱን ይሞክሩታል፣ ከዚያ ‹ይጠቅማል› ወይም ‹አይጠቅምም› ይላሉ።»

«አንቺ በለኝ» አለችው። «ድሬ ነው ያለኸው፣ እዚህ አንቱ አይባልም።»

«እሺ እናቴ፣ ይሞክሩት» አለ።

መጀመሪያ የመዘነችው መከተያ የሚባለውን ነበር፤ ሰው የሚያስቀምጠውን ሌላው እየተከተለ የሚያይበትን። ነዒማ ጥቂት አሰበች። ባለፈው ክረምት ጉልበቷን አሟት ስለ ጉልበት ሕመም የሚያወራ አንድ ገጽ አስቀምጣ ነበር። በነጋታው ገበያው ሁሉ ቅባት ይዞላት መጣ። ሕመሟን ለማንም አልተናገረችም ነበር።

«ጥሩ ነው መሰለኝ» አለች። «ሰው መጠየቁ ጥሩ ነው። ግን…»

ቶሎሳ የምዘናውን ሰሌዳ አሳያት። «‹ግን› የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

ይጠቅማል የሚለውን ነካች።

ቀጥሎ የመጣው ማዋሃጃ ነው። ሰው አንዱን ነገር ደጋግሞ ያስቀምጣል፤ ያው ሱቅ በሁለት ስም፣ ያው ወሬ በሦስት ቦታ ይከማቻል። ማዋሃጃው ተመሳሳዩን ለይቶ አንድ ያደርገዋል። ነዒማ ቁልፉን ስትነካው ለዓመታት የተከመረው ሁሉ እንደታጠፈ ጨርቅ ተደርድሮ ቁልጭ አለ። ቤቷን ሌላ ሰው ጠርጎ የጠበቃት መሰላት። «ይሄስ ይጠቅማል» አለች። ቶሎሳ ለጊዜው እንደሚመዘገብ፣ የመጨረሻው ፍርድ ግን ከሁለት ሳምንት ሙከራ በኋላ እንደሚሰጥ ነግሮ ሸኛት።

ግራ መጋባቱ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። አንዲት ደንበኛ መጥታ «እንዳልሽኝ ግራጫው ይሻላል» አለቻት። ነዒማ በሕይወቷ ለማንም ግራጫ መጋረጃ መርጣ አታውቅም። ጠዋት ያስቀመጠችውን ስታይ ደግሞ የማታውቃቸው ገጾች ተሰግስገው አገኘች፤ የእርግብ ጫጩት እንዴት እንደሚያዝ፣ ከጉሮሮ ቀዶ ጥገና በኋላ ምን እንደሚበላ፣ መዝሙረ ዳዊት። ማስቀደሚያው ተሳስቶ ይሆናል ብላ አለፈችው። መዝሙረ ዳዊቱ ላይ ግን ትንሽ ቆየች። አንድ ሰው ማታ ማታ እያነበበ የደረሰበት ቦታ ላይ ምልክት ነበረው።

ከዚያ ሂክመት ደወለች። ድሬ በቀትር ሱቁን ዘግቶ የሚያርፍበት ሰዓት ነበር፤ ነዒማ ጋደም ብላለች።

«እማ፣ ያልሽኝን አደረግኩት» አለች ሂክመት።

«ምኑን?»

«ለፉአድ ነገርኩት። እንዳልሽው አልጮህኩም፣ ምክንያትም አላበዛሁም። አልችልም አልኩት፣ በቃ። አለቀሰ። ግን እንደፈራሁት አልሆነም።» ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች። «ይሄን ያህል ትረጂኛለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ነዒማ ተነስታ ተቀመጠች። ፉአድን ልተወው ነው የሚል ነገር ከልጇ አፍ ሰምታ አታውቅም። አልሰማሁም ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የገዛ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ በስተርጅና ልጆቿን ታምታታ ነበር፤ የነገሯትን ትረሳለች፣ ያልተናገረችውን ተናግሬያለሁ ትላለች። በነዒማ ዕድሜ ነበር የጀመራት።

«አበጀሽ» አለች ነዒማ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጇን እንዲህ ብዬ መክሬያታለሁ ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። ብትመክራት ኖሮ ታገሺ ነበር የምትላት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይፈራል፣ እኔም አባትሽን ፈርቼው ነበር ትላት ነበር። እንግዲያ ያ የመከረው አፍ የማን ነው?

በነጋታው ወደ አዳራሹ ሄደች።

«ማዋሃጃው ምንድን ነው የሚያዋህደው?» አለችው ቶሎሳን።

«ገጽ።»

«ሰውስ?»

«ሰው እኮ ገጽ አለው» አለ ቶሎሳ፤ ከተናገረው በኋላ ግን ራሱም ያልጣመው ይመስላል። ሰሌዳውን ወደ ራሱ አዙሮ ስሟን ፈለገ። «አዎ፣ ይኸው። ነዒማ አስካለ።»

«ነዒማ ዩሱፍ።»

«አስካለ አባትዎ አይደሉም?»

«አስካለ የሴት ስም ነው፣ ቶሎሳ።»

ቶሎሳ ሰሌዳውን ነካካ። ሁለት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያስቀመጡት ነገር ተመሳሳይ ሲሆን ማሽኑ እንደ አንድ ሊቆጥራቸው እንደሚችል፣ ይህ ግን ለሙከራ ብቻ መሆኑን ነገራት። አስካለ ማን እንደሆነች ጠየቀችው።

«እሱን አላውቅም» አለ። «እዚህ የሚታየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሱቋ ስትመለስ በር ላይ አንድ ጆንያ ማሽላ ተቀምጦ አገኘች። ያመጣው ሰውዬ ጥላ ሥር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ነዒማ አስካለ አንቺ ነሽ? የእርግቦችሽ ምግብ ነው።»

«እርግብ የለኝም።»

«ገጽሽ ሁለት በር ነው ያለው» አለ ሰውዬው፣ ትዕግሥቱ እያለቀ። «አንዱ ይሄ ነው፣ አንዱ ለገሃሬ። እዚህ ይቀርበኝ ነበር፣ እዚህ አመጣሁት። ወደዚያ ልውሰደው?»

«አብረን እንውሰደው» አለች ነዒማ።

የለገሃሬው ቤት ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ጀርባ ነው። ሰውዬው ጆንያውን አጥሩ ሥር አራግፎ ሄደ። ነዒማ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ በሩ ራሱ ተከፈተ። «እንኳን ደህና ገባሽ» አላት። ቤት ለባለቤቱ ብቻ ነው እንዲህ የሚከፈተው። እግሯ ወደ ኋላ ሊል ነበር፤ ከውስጥ ግን የሂክመት ሳቅ ተሰማት።

ገባች። በዕድሜ ከእሷ ብዙ የምትበልጥ ቀጭን ሴት፣ አንገቷ ላይ ነጠላ የጠመጠመች፣ ግድግዳው ፊት ተቀምጣ በጣቷ ትጽፋለች። የጻፈችውን ግድግዳው በድምፅ ያነበዋል፤ ድምፁ የነዒማ ነበር። ሂክመት ደግሞ ከጅማ ትመልሳለች። ስለ ፈተናው፣ ስለ ምግቡ፣ ከእሷ ጋር ስለምታድረው ልጅ ማንኮራፋት። ለነዒማ ነግራት የማታውቀውን ነገር ሁሉ።

«እማ፣ በር ተከፈተ?» አለች ሂክመት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ ነዒማን አየቻት። ማን እንደሆነች ወዲያው የገባት ይመስላል። «እንግዳ መጣብኝ፣ በኋላ እንነጋገር» ብላ ጻፈች፤ ግድግዳው በነዒማ ድምፅ አነበበው፣ ልጅቷም ተሰናበተች።

«አስካለ ነሽ?» አለች ነዒማ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ስትናገር ድምጿ እንደሚፋቅ እንጨት ይሻክራል፤ ጉሮሮዋ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። «ተቀመጪ» አለች። «አንድ ቀን እንደምትመጪ አውቅ ነበር። አይ፣ አላውቅም። ምን እንደማውቅ አላውቅም።»

ነዒማ አልተቀመጠችም። «ልጄ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

አስካለ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርታ በጡረታ የወጣች፣ ያላገባች፣ ያልወለደች ሴት ናት። ግድግዳዋ ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ በቀር አይናገርም ነበር። ገጾቹ በተዋሃዱ ሰሞን ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርግቦቿን አብልታ ስትገባ የምታለቅስ ልጅ ከግድግዳው «እማ» አለቻት።

«ተሳስተሻል ልላት ነበር» አለች አስካለ። «እየጻፍኩ ሳለ ‹እማ፣ ዝም አትበዪኝ› አለች። አጥፍቼው ‹አለሁ› ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይመለሳል?»

«አታግቢው ያልሻት አንቺ ነሽ።»

«ማግባት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልፈልግም አለች። እንግዲያ ተይው አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?»

ነዒማ ልትቆጣ መጥታ ነበር፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ልጇን ማግባት ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት ታውቃለች ወይ? ፉአድ ደግ ነው ብላታለች። ቤተሰቡ ጨዋ ነው ብላታለች። ጥያቄውን ግን እንደ ጥያቄ አቅርባው አታውቅም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ተመሳሳይ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ይፈልጉ ጀመር። ነዒማ ሙስሊም፣ አስካለ ክርስቲያን። አንዷ ነጋዴ፣ አንዷ እናት መባል እንኳ ያልደረሳት ጡረተኛ። በምግብም፣ በቀለምም፣ በዘፈንም አይገናኙም። አስካለ ያስቀመጠችውን ወደ ኋላ እየገለጠች ስታሳያት ግን አንድ ነበር። ያው ወሬ፣ ያው ሐኪም፣ ያው ጫማ።

«ይሄን ጫማ ትወጂዋለሽ?» አለቻት ነዒማ።

«አልወደውም። ማስቀደሚያው ነው ያስቀመጠልኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ።»

«እኔም» አለች ነዒማ።

የመጨረሻው ፍርድ በሚሰጥበት ጠዋት ሁለቱም አዳራሹ ሄዱ። ቶሎሳ ሁለት ሴቶች ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ነዒማ ሰሌዳው ላይ አይጠቅምም የሚለውን ነካች። ሰሌዳው «ይህ ገጽ ቀደም ሲል ይጠቅማል ብሎ አጽድቋል» አለ።

«ያ የጊዜያዊው ነው» አለች ነዒማ።

«አይደለም» አለ ቶሎሳ። «ከዚያ ወዲህ ነው። ከቤት።»

አስካለ ነጠላዋን አጠበቀች። «ግድግዳዬ ጠየቀኝ» አለች ወደ ነዒማ ሳታይ። «ልጅቷ በየቀኑ በምትደውልበት ሰሞን ነው። ይጠቅማል አልኩ።»

ቶሎሳ ሰሌዳውን ደጋግሞ ነካ፤ በመጨረሻ «ገጹ ሐሳቡን አልወሰነም ይላል» አለ። «ድምፅ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።»

ያኔም እንደ አንድ ሰው አንቱ ይበላቸው ወይስ እንደ ሁለት ሰው እናንተ አልገባውም፤ ለሁለቱም የሚሆን ቃል መረጠ። መለያየት ይቻል እንደሆነ ጠየቁት። ይቻላል አለ። የተከማቸው ግን ለአንዳቸው ነው የሚሄደው፤ ሌላዋ ከባዶ ትጀምራለች። ባዶ ገጽ ደግሞ ሰው ካላስቀመጠው በየዓመቱ በሚደረገው የጳጉሜ ጠረጋ ይጠፋል።

«ገጹ የጠፋበት ሰው ምን ይሆናል?» አለች አስካለ።

ቶሎሳ ጭንቅላቱን አከከ። «በሩ አይከፈትለትም፣ ክሊኒክ አያውቀውም። ከዚያ ወዲያ… መጥቶ የነገረኝ የለም።»

አስካለ ብዙ አላሰበችም። «ለእሷ ይሁን» አለች። «ሱቅ አላት፣ ልጅ አላት።» ነዒማ አይሆንም ልትል ይገባት ነበር። ዝም አለች። ዝምታዋን ቶሎሳ እንደ እሺታ መዘገበው።

ከአዳራሹ ወጥተው ፀሐይ ላይ እንደቆሙ ነዒማ ስልኳን አውጥታ አዲሱን ባዶ ገጽ አስቀመጠች። ከዚያ ገበያውን ዞረች። ጨርቅ የገዛችባቸውን፣ ጨርቅ የሸጠችላቸውን፣ ጉልበቷን ባመማት ጊዜ ቅባት ያመጡላትን ሁሉ «አስካለ የምትባል ሴት አለች፣ አስቀምጡልኝ» አለቻቸው። «ምንሽ ናት?» ይሏታል። መልሷ በየሱቁ ይለያያል። አንዱ ጋ ወዳጄ አለች፣ አንዱ ጋ ዘመዴ፣ አንዱ ጋ ዝም ብላ ቆመች። ሰዉ ግን አስቀመጠላት፤ ጳጉሜ መጥቶ ሲያልፍ የአስካለ በር እንደተለመደው ተከፈተ። ማዋሃጃው በመስከረም በአገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ዋለ። ሰውን ከሰው ከማዋሃዱ በፊት አሁን አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ መልስ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ለሂክመት መንገሩ ከሁሉም ከበዳት። በስልክ ነበር የነገረቻት፤ ስታዋራት የከረመችው ሌላ ሴት እንደነበረች፣ ስሟን፣ እንዴት እንደሆነ።

«ታዲያ ስለ አባባ የነገርሽኝስ?» አለች ሂክመት።

«ስለ አባትሽ ምን ተነገረሽ?»

«አንቺን ከማግባቱ በፊት ታጭቶ እንደነበር። ሰርጉ ሲቃረብ ትቶ እንደመጣ። እሱን ስሰማ ነው የጨከንኩት።»

እውነት ነበር። ነዒማ ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። በማግስቱ ለገሃሬ ሄዳ አስካለን ጠየቀቻት።

«ስለ ባልሽ እኔ ምን አውቄ?» አለች አስካለ። ድንጋጤዋ የውሸት አልነበረም። «ፎቶውን እንኳ አላየሁም።»

ሁለቱም ወደ ግድግዳው አዩ። የአብዱልመጂድ ገጽ አሁንም አለ፤ ነዒማ በየዓመቱ ታስቀምጠዋለች። ታሪኩ ከዚያ ተወስዶ ይሆን፣ ሳይጠየቅ የሚያስቀምጠው ማስቀደሚያ ሳይጠየቅ መልስም ይጽፍ ይሆን፣ ሊያውቁ አልቻሉም። ቶሎሳም ሲጠየቅ አላውቅም አለ። አስካለ ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሷን መልእክቶች መጠራጠር ጀመረች፤ የትኛውን እሷ እንደጻፈች፣ የትኛው እንዲያው እንደተጻፈ።

ሂክመት ለሳምንታት አልደወለችም፤ ለሁለቱም። ከዚያ በዕረፍቷ በባቡር መጣች። ከስታ ነበር። ሱቁ ውስጥ እናቷን አቅፋ ሰላም አለቻት፤ ምሳ በላች። ፉአድም ሰርጉም አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ «ውሰጂኝ» አለች።

አስካለ ከበር ወጥታ ነው የጠበቀቻቸው። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ» አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ። ሂክመት ደንገጥ ብላ ቆመች። ፊቷን አየች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ይሄን ድምፅ አላውቀውም» አለች ቀስ ብላ።

«የእኔ ነው» አለች አስካለ። «ያለኝ እሱ ነው።»

ቤት አልገቡም። አስካለ ጓሮ ወሰደቻቸው፤ እርግቦቹ ጋ፣ የሚናገር ግድግዳ በሌለበት። ነዒማ ከአንዱ ጫፍ ተቀመጠች፣ አስካለ ከሌላው። ሂክመት መካከል ባለው በርጩማ ላይ አረፍ አለች፤ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ታያለች። ማንን ማየት እንዳለባት የጨነቃት ይመስላል። አስካለ ለመነሳት ሞከረች፤ «እናትና ልጅ ተጫወቱ፣ እኔ…» እያለች።

«ተቀመጪ» አለቻት ነዒማ።

ሂክመት ጉልበቷን አቀፈች። ስለ ፉአድ ነበር የጀመረችው። መጀመሪያ ወደ አስካለ እያየች «ያን ቀን እንደነገርኩሽ» አለችና አቆመች። ከዚያ ወደ እናቷ እያየች «አንቺ እንደምታውቂው» አለችና ያንንም አቆመች። አንዷ ግማሹን ታውቃለች፣ ሌላዋ ሌላውን ግማሽ፤ የተቀረውን ማን እንደሚያውቀው አይታወቅም። ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

«እሺ» አለች። «ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።»